በሰው ደም የከረምኩበት ክረምት

ሰኞ፣ 3

ሐኪሙ «የሚሰማዎትን በየቀኑ ይጻፉ፤ ትኩሳት፣ ድካም፣ የሽንት ቀለም» አለኝ። ልጄ ደብተር ገዝታ መጣች፤ ሽፋኑ ላይ ጽጌረዳ ተስሎበታል። አርባ አምስት ዓመት የሰው ጢም ስላጭ የኖርኩ ፀጉር አስተካካይ፣ በሰባ አራት ዓመቴ ጽጌረዳ ውስጥ ሽንቴን ልመዘግብ ነው። ለሐኪሙ የሚገባውን በአፌ እነግረዋለሁ። ይሄ የራሴ ነው፤ ማንም እንዳይነካው።

የሽንት ቀለም፦ የሽንት።

መቅኒዬ ደም መሥራት ትቷል ይላሉ። ጡረታ ወጣ፣ እንደ ባለቤቱ። ስለዚህ የሰው ደም ሊሰጠኝ ነው፤ ሁለት ከረጢት። የማን? አይነገርም። እኔ እኮ አንድ ፎጣ ለሁለት አንገት አውዬ አላውቅም። ሰው የተነሣበት ወንበር ሙቀቱ ሳይወጣ መቀመጥ ይቀፈኛል። አሁን የማላውቀው ሰው ክንዴን በስቶ ሊገባብኝ ነው።

ከጎኔ የተኛው ጡረተኛ አስተማሪ ነው። አክታውን የሚተፋበት ኩባያ አለው፤ ክዳን የለውም። ኩባያውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል፣ የተማሪ ደብተር እንደሚያርም። ስሙን ነግሮኛል፤ እኔ ግን «ባለ ኩባያው» ብዬዋለሁ።

ደም ልትቀዳ የመጣችው የላቦራቶሪ ልጅ ስሜን ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሳትወጋኝ በፊት፣ ብልቃጡ ላይ ስትጽፍ፣ ልትሄድ ስትል። «ድጋሚ ይንገሩኝ፣ አባባ።» በሦስተኛው የባለ ኩባያውን ስም ነገርኳት። ሳቅ የለ፣ ቁጣ የለ። ብልቃጡን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችና ከሌላው ክንዴ እንደ አዲስ ቀዳች። ስሟን «ድጋሚ» አልኩት።

ከዚያ ወረቀት አወጣች። «ከዚህ በፊት ደም ወስደው ያውቃሉ?»

ልጄ አጠገቤ ቆማለች።

«ያፈሰስኩት እንጂ የወሰድኩት የለም። ስንቱን ጉንጭ ቆርጬ!»

«በቁም ነገር ነው የምጠይቅዎት።»

«በቁም ነገር አልወሰድኩም።»

ጻፈች። ፈረምኩ። ወረቀት መሙላት ይወዳሉ፣ ሌላ ምን ሥራ አላቸው።

ረቡዕ፣ 5

ሁለቱም ገቡ። እኔ ትኩስ መስሎኝ ነበር፤ ከፍሪጅ ነው የሚወጣው። ክንዴ ውስጥ እንደ እባብ እየቀዘቀዘ ሲወጣ ይታወቀኛል። ከረጢቱን ላለማየት ወደ ባለ ኩባያው ዞርኩ። እሱም ኩባያውን እያየ ነበር። ወደ ከረጢቱ ተመለስኩ።

እሁድ፣ 9

ቤት ነኝ። ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁ። የልጅ ልጄ ከብስኩቷ ሁለት ጎድሎባት ስታፋጥጠኝ «የተሰጠኝ ደም የሌባ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔማ እንዲህ አልነበርኩም» አልኳት። አምናኝ በርግጋ የብስኩት ሣጥኗን ደበቀች። ጥሩ ቀን።

ረቡዕ፣ 12

ብርድ ብርድ አለኝ። ወገቤን።

የልጅ ልጄ ጉልበቴ ላይ ወጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና «አባቢ፣ ዓይንህ ቢጫ ነው» አለች። ከዚያ ወረደች። መዳፏን ቀሚሷ ላይ ስትጠርግ አይቻታለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ሽንት እያደር ጠቆረ። የቀዘቀዘ ሻይ ይመስላል። ጠረኑን አልጽፈውም።

ዓርብ፣ 14

ተመልሼ ተኛሁ፤ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ኩባያ አጠገብ። ደሜ ሳልወስድ ከነበረበትም ወርዷል። ሐኪሙ የተሰጠኝን ደም የገዛ ሰውነቴ እንደሰበረው ነገረን። ቢጫውም ጥቁሩ ሽንትም የስብርባሪው ነው። ማለት ጥርጊያውን ነው የምሸናው።

«እርግጠኛ ነዎት ደም ወስደው አያውቁም?» አለኝ። «ሴት ቢሆኑ ሰውነትዎ ከሌላ ደም ጋር የተዋወቀው በእርግዝና ነው እንል ነበር።»

«ሆዴን አይተው ከሆነ፣ አልወለድኩም።»

ልጄ ሳቀች። እሷ ስትስቅ እውነቱን መናገር እንዴት ይከብዳል። አስፈላጊም አይደለም። የድሮ ነገር ነው።

ድጋሚ ሽንቴን በዕቃ ይዛ ሄደች። ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

ቅዳሜ፣ 15

ትኩሳት። ሾርባው ላይ ቆዳ ነበረበት። በማንኪያ ሳነሣው ሙሉውን ተነሣ። አስመለሰኝ።

ሰኞ፣ 17

ጠዋት የጽዳቷ ሴት ፖፖዬን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። «ያቺን የላቦራቶሪ ልጅ አገዷት እኮ።»

«የቷን?»

«ያቺ ስም ስትጠይቅ የምትውለውን። የርስዎን ብልቃጥ ከሌላ ሰው ጋር ቀይጣ ነው የማይሆን ደም የሰጠችው ተባለ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ኮሚቴ አላት። ታባረራለች።»

ድጋሚ? ብልቃጥ ቀየጠች? የመንደሩ ሁሉ ሰው ቢቀይጥ እሷ አትቀይጥም።

ከሰዓት ራሷ መጣች፣ ያለ ነጭ ካፖርቷ። ካፖርት ስታወልቅ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ትመስላለች። ዕቃዋን ልትወስድ ነው የመጣችው፤ ልጄ ወንበር ሰጠቻት፣ አልተቀመጠችም።

«አባባ፣ ሰውነት እንግዳ ደም መጀመሪያ ሲያገኝ ቀስ ብሎ ነው የሚለየው። ከለየው በኋላ የሚዋጋበትን መሣሪያ ይሠራል፤ ፀረ እንግዳ አካል ነው የምንለው። ዓመታት ሲያልፉ መሣሪያው ከደም ይጠፋል። እኔ ብፈልገው አላገኘውም፤ ምርመራው ንጹሕ ይወጣል። ግን አሠራሩን የሚያውቁት ሕዋሳት አድፍጠው ይቀመጣሉ። ያው ዓይነት ደም ሁለተኛ ሲመጣ በሳምንቱ መሣሪያውን ይዘው ይወጣሉ። የርስዎ በሰባተኛው ቀን ነው። ልክ እንደዚያ ነው።»

«እና?»

«እና ከዚህ በፊት ካልወሰዱ እንደዚያ ሊሆን አይችልም። ያኔ ጥፋቱ የኔ ነው። ከረጢቱ ተጥሏል፣ ያኔ ከሁለተኛው ክንድዎ የቀዳሁት ብልቃጥም ሰባት ቀን ስላለፈው ተጥሏል። የቀረው የርስዎ ቃል ነው።»

ልጄ ታየኛለች። ድጋሚም ታየኛለች። ባለ ኩባያው ኩባያውን አስቀምጦ ያየኛል።

«ምናልባት ትንኝ ሰጥታኝ ይሆናል» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። «እሺ አባባ፣ ይማርዎት» ብላ ሄደች።

ማክሰኞ፣ 18

ባለ ኩባያው፦ «አንተ ሰውዬ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ሲባል አልሰማህም?»

«የራስ መመለጥ ለኔ ትነግረኛለህ? አርባ አምስት ዓመት የበላሁበት ነው።»

«ስለ ራስህ አላወራሁም። ስለ ልጅቷ ራስ ነው።»

ከዚያ ተፋ። ከሁለቱ የትኛው እንዳስጠላኝ አላውቅም።

ረቡዕ፣ 19

ከሰዓት ነው። ዝናቡ መስኮቱን ይወቅጠዋል። ልጄ ሥራ ላይ ናት፣ ባለ ኩባያው ተኝቷል። እስቲ ልጻፈው።

ደም ወስጃለሁ።

እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጬ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ሄጄ እጄን ታጠብኩ።

የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሱቃችን ሁለት ወንበር ነበራት፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ የታናሽ ወንድሜ። አንድ ቀን ጠጥቼ ሞተር ብስክሌት ላይ ወጣሁ። ግንብ መታሁ። ለልጄ «ጣሪያ ሳድስ ወድቄ ነው» ያልኳት እግር ያኔ የተሰበረ ነው። በዚያች ትንሽ ክሊኒክ የተቀመጠ ደም የሚባል ነገር አልነበረም። ወንድሜ ክንዱን ዘረጋ። ሁለት ጠርሙስ ቀዱት፣ በዚያው ለኔ ሰጡኝ። ያ ትኩስ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ በክራንች ሱቅ ገባሁ። ሱቁ ጢም ብሏል። እንደ ልማዴ ጀመርኩ፤ የአንዱን መላጣ፣ የሌላውን ጆሮ። ወንድሜ ቶንዶሱን ሳያቆም «ታገሡት፣ እሱ እኮ አሁን ግማሹ እኔ ነኝ። የሚጠጣው ግማሽ የራሱ ነው፣ የሚሠራው ግማሽ የኔ» አለ።

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ ከሳቁ ብዛት ጆሮውን ሊያስቆርጥ ነበር።

ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ስስቅ የኖርኩት ሰውዬ አንድ ቀን ተሳቀብኝና መቀሴን በጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሌላ ሱቅ ከፈትኩ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ሦስት ጊዜ መጣ። በሦስተኛው «ካንተ አንዲት ጠብታ የለብኝም» አልኩት። ከተማውን ለቀቀ። ልጄ አድጋ ስትጠይቀኝ «ሞቷል» አልኳት። ሚስቴ ዝም አለች። እስክትሞት ዝም እንዳለች ነው።

ሁሉም በአንድ ቀልድ። ቀልዱ ደግሞ ጥሩ ነበር። እኔ ብዬው ቢሆን ኖሮ ዓመት ሙሉ እደጋግመው ነበር።

አሁን «አዎ፣ ወስጃለሁ» ካልኩ «ከማን?» ይመጣል። «ከማን» ከመጣ የገደልኩት ሰው ይነሣል። ልጄ ፊት። ስካሩም፣ ግንቡም፣ ሁሉም ይነሣል። ልጅቷ ወጣት ናት። ሌላ ሥራ አታጣም።

የመጨረሻውን መስመር መልሼ አነበብኩት። የባለ ኩባያው አክታ ከዚህ ይጸዳል።

ሐሙስ፣ 20

የድጋሚ ተተኪ አዲስ ከረጢት ይዞ መጣ። ስሜን አንዴ ጠየቀ፤ መልሴን ሳይሰማ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለው። «በፈጣኑ ምርመራ አይተነዋል፣ ይገጥማል» አለ። ሐኪሙ ቆሟል። ልጄ ውሃ ይዛ ቆማለች። መርፌው ክንዴን ሲነካኝ «ቁም!» አልኩ። ኮሪደር ድረስ ተሰማ።

«ወስጃለሁ! ከወንድሜ ነው የወሰድኩት፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ልጅቷ ልክ ናት!»

ልጄ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠች።

ሐኪሙ ግን ፈገግ አለ። «አባባ፣ ደግ ሰው ነዎት። ልጅቷን ሊያድኑ ነው።»

«እየቀለድኩ አይደለም!»

«‹በቁም ነገር አልወሰድኩም› ብለው የፈረሙት ወረቀት እጄ ላይ አለ። ትናንት ደግሞ ለነርሷ ‹የተሰጠኝ የአንበሳ ደም ነው፣ ለዚህ ነው ያልተስማማኝ› ሲሏት ሰምቻለሁ። ኮሚቴው የቱን ይያዝ? የሚያውቅ ሰው አለ? ወረቀት አለ?»

ክሊኒኩ ፈርሶ የሶፋ መሸጫ ሆኗል። ሚስቴ የለችም።

ከረጢቱን እንቢ አልኩ። «እንቢ ካሉ ልብዎ የሚቀጥለውን ሳምንት አይችለውም» አለኝ፤ አሁን ፈገግታው የለም። እንቢ አልኩ።

አንድ ነገር ይጻፍ። ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም ለልጅቷ መጮህ እችል ነበር። የጮኽኩት መርፌው የኔን ቆዳ ሲነካ ነው። እንትፍ።

ዓርብ፣ 21

ልጄ ወንበሩን ከአልጋዬ ራቅ አድርጋ ተቀመጠች።

«በሕይወት አለ?»

«አላውቅም።»

«ሞቷል ብለኸኝ ነበር፣ አባዬ።»

«ለኔ ሞቷል ማለቴ ነው።»

«ለኔስ?»

እኔ መልስ ሳጣ ባለ ኩባያው እንኳ ደንግጦ ቀና አለ።

ማታ ሳትመጣ ስልክ ደወለች። የእናቷን ስልክ ማስታወሻ አገላብጣ የወንድሜን ቁጥር አግኝታለች። ሚስቴ በስሙ አልጻፈችውም፤ «ፀጉር ቤት፣ ሁለተኛው» ብላ ነው የጻፈችው። እኔ አጠገቧ ተኝቼ እሷ ከሞተው ሰው ጋር ትነጋገር ነበር ማለት ነው። ስንት ዓመት? መናደድ ሞከርኩ። አቅም የለኝም፤ ደም የለኝም።

ቅዳሜ፣ 22

ደወልኩ።

«ሀሎ» አለ የሆነ ሽማግሌ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን እኔ?»

ስሜን ከመናገር ማንጠልጠያውን ጨብጬ ያዝኩ። የማንጠልጠያው ጎማ እግር ሲንቋቋ ይሰማል።

«ጋሼ?» አለ።

«ምስክር ፈልጌ ነው» አልኩት፣ ሌላ የማወራው ስላጣሁ።

«ምን ሰረቅህ?»

ሳቅሁ። ሳቁ አልቆም አለኝ። ነርሷ ኦክስጅን ይዛ እየሮጠች መጣች።

ሰኞ፣ 24

መጣ። ከጆሮው ፀጉር በቅሏል። ፀጉር አስተካካይ ሆኖ! አስጠላኝ፤ መቀስ ቢኖረኝ እዚያው እቆርጠው ነበር።

«ቢጫ ሆነሃል» አለኝ።

«አንተ መላጣ ሆነሃል።»

«መላጣ አይገድልም።»

ልጄ እጁን በሁለት እጇ ጨበጠች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ኮሪደር ላይ ነው የተነጋገሩት።

ከዚያ በተሽከርካሪ ወንበር ገፍታ ላቦራቶሪ ወሰደችኝ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሽቶ የሚያበዛ ሰው ነው። ድጋሚን አስጠርቷታል፤ ግን እንደታገደች ስለሆነ ምንም እንዳትነካ አላት። በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች። ኃላፊው ከወንድሜ ጣት ደም ወሰደ፣ ከኔ ደም ውኃውን ለየ፣ አንድ ላይ ጨመራቸው። ሁለተኛ ብልቃጥ ውስጥ ሐሙስ ለት እንቢ ካልኩት ከረጢት ጨመረ። አየና «ምንም የለም» አለ።

«አላሞቁትም» አለች ድጋሚ ከበሩ። «ሠላሳ ደቂቃ ይሞቅ። ከዚያ ይታጠብ። ከዚያ ማያያዣውን ፈሳሽ ይጨምሩበት።»

ኃላፊው ዞር ብሎ አያት። አሞቀ። ሠላሳ ደቂቃውን ስንጠብቅ ወንድሜ «እኛ ጢም ስንላጭም ቀድመን እናሞቅ ነበር» አለ። አጠበው። ጨመረበት። ወደ መብራቱ አነሣው።

ሁለቱም ብልቃጥ ውስጥ ደሙ ተሰብስቦ ረግቷል፤ ማጠቢያ ገንዳ ቀዳዳ ላይ እንደሚሰበሰብ ፀጉር። ያንን ነገር ሕይወቴን ሙሉ በጣቴ ስለቅም ኖሬያለሁ። ዓይኔን ግን አላነሣሁም። ወንድሜ ከኔ ጋር ሲገናኝ የሚሆነው እሱ ነው። የሐሙሱ ከረጢትም እንደዚያው ሊሆን ነበር፣ ክንዴ ውስጥ።

ኃላፊው ብልቃጦቹን አስቀመጠና ጓንቱን አወለቀ።

ወንድሜ እጅጌውን ጠቅልሎ ጨርሷል። «በሉ እንግዲህ፣ የኔን ስጡት።»

«አይሆንም አባባ» አለች ድጋሚ። «ከሁሉ ሰው ቀድሞ የሚያውቀው የርስዎን ነው። የሚሰብረውም የርስዎን ነው።»

እጅጌውን እያጠፈ መልሶ አወረደ። ቁልፉን ቆለፈ። «እንግዲህ ረስቼሃለሁ አትበለኝ» አለኝ።

ማክሰኞ፣ 25

ኮሚቴ። ወንበር ላይ ሆኜ ገባሁ። ስካሩን፣ ግንቡን፣ ጠርሙሶቹን፣ ሁሉንም አልኩ። ወንድሜ መሰከረ። «የፈረሙት ውሸት ነው?» አሉኝ። «ነው።» «ለምን?» «ስላፈርኩ።» ጻፉት። አጭር መልስ ስሰጥ ልጄ አይታኝ አታውቅም።

ልቤ ይመታል። ጣቶቼ ነጭ ናቸው። እስክሪብቶው ከበደኝ።

ሐሙስ፣ 27

ድጋሚ ትናንት ወደ ሥራ ተመለሰች። የሰጧት ደብዳቤ ሁለት መስመር ነው አሉ፤ «ወደ ሥራዎ ይመለሱ» እና ፊርማ። ጥፋት ነበረብን የሚል ቃል የለበትም። የጽዳቷ ሴት ናት የነገረችኝ፤ ደብዳቤውን እሷም አንብባዋለች።

እንደ ገባች አሥራ አራት ከረጢት ከኔ ደም ጋር ሞክራለች። አሥራ ሦስቱ ረጉ። አንዱ ዝም አለ። እሱ ነው አሁን ክንዴ ውስጥ የሚወርደው። ቅዝቃዜው ያው ነው፣ መቅፈፉም ያው ነው። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ወንድሜና ልጄ ምሳ ሊበሉ ወጡ። ልጄ አሁንም ከኔ ጋር የምታወራው ስለ መድኃኒት ሰዓት ብቻ ነው። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ግን ሳቋን ሰማሁ። ስለ ማን እንደሚስቁ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ባለ ኩባያው ፊቴ ምን እንደሚል ይጠብቅ ነበር፤ እንዲያነብ ተውኩለት።

ድጋሚ ደሙ መስማማቱን ልታይ፣ ሙቀቴን ልትለካ መጣች። ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፤ አፌ ላይ ደርሷል።

«አባባ፣ ዛሬ አይቀልዱብኝ» አለች፣ ገና ሳልጀምር። «አሥር ቀን አልተኛሁም።»

ዋጥኩት። ምን ያህል እንደሚመር ያላየው አያውቀውም።

መለኪያውን አይታ ጻፈች። ከኪሷ የፕላስቲክ ዕቃ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት እዚህ ያስቀምጡልኝ። ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉት፤ ባለፈው ካፖርቴ ላይ ፈሶብኛል።»

«ይቅርታ» አልኳት።

«ምንም አይደለም፤ ታጥቧል።»

«ስለሌላውም ነው።»

ዕቃውን አንሥታ ክዳኑን ከፈተች፣ ዘጋች፤ በየት በኩል እንደሚጠብቅ አሳየችኝ። ከዚያ እጄ ላይ አስቀመጠችውና ድጋሚ እንዳደርገው ቆማ ጠበቀች።